ስድስት ዙር ተኩል

አባቴ ሌባ ነው ብዬ ያመንኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሰረቀውንም ዕቃ አውቀው ነበር፤ ቀን ቀን እነ እማዬ አልጋ ሥር በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ አባዬና እኔ አውጥተን ጣሪያ ላይ እንተክለዋለን። እሱ ቱቦውን ያቅፋል፣ እኔ ሦስቱን እግሮች እሸከማለሁ። ሌባና ተቀባይ ማለት እኛ ነበርን።

ዕቃው ቴሌስኮፕ ነበር። የውጭ አገር ሰዎች አባዬ ለሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጡት፣ ከነመቆሚያው ከእኔ የሚከብድ፣ ጀርመን ሠራሽ ቴሌስኮፕ። አባቴ መምህር አስናቀ ይባላል። የደብረ ሲና ሰው ነው፤ ፊዚክስ ሊያስተምር ተመድቦ መቀሌ መጣ፣ እናቴን ኣምለሰትን አገባ፣ በዚያው ቀረ። እማዬ ከዓይናለም ጉድጓዶች ውሃ ለከተማው በሚያድለው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ቤታችን ሲስማሙ በአማርኛ ይወራል፤ ሲጣሉ እማዬ በትግርኛ ትናገራለች፣ አባዬ ዝም ይላል።

ሌብነቱን የደረስኩበት በግድግዳ በኩል ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ ሽሻይ ከሚባል ግንበኛ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር፤ በእኔና በእነሱ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ብሎኬት ብቻ ስለነበር የሚያወሩት ሁሉ ይሰማኝ ነበር። አንድ ምሽት ተኝታለች ብለው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ።

«ንገራቸው አስናቀ። ሳይደርሱብህ አንተው ራስህ ንገራቸው።»

«የነገርኳቸው ዕለት ያሰናብቱኛል።»

«እስከ መቼ ልትደብቅ ነው? ኣንታ፣ ሰው እኮ ዓይን አለው!»

«ኮሚቴው መጥቶ ይሂድ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ልጅቷስ? በየማታው ይዘሃት ትወጣለህ፣ ምን እየሠራች እንደሆነ እንኳ አታውቅም።»

«አትወቅ። ልጅ ናት፣ አፏ አይዘጋም።»

ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አሰብኩበት። ቤታችን ውስጥ የተደበቀ ነገር አንድ ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ዕቃ በሰው አልጋ ሥር ምን ይሠራል? ኮሚቴ የሚባለው ደግሞ ፖሊስ መሆን አለበት። እንዲህ ሆኖ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ደስታ የሚባል ነገር ራቀኝ።

የተደበቀው ሌላ ነበር። ቴሌስኮፑንማ ርዕሰ መምህሩ እቤት እንዲለማመድበት አስፈርሞ ነው ያስረከበው። አባቴ የደበቀው ዓይኑን ነው። ዳፍንት ነበረበት። ቀን ከሰሌዳ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ያነባል፤ ፀሐይ ከገባች ግን አፍንጫው ሥር ያለውን ግድግዳ አያይም። የዓይን ሐኪሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ እንደሚሄድ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነግሮታል። ኮሚቴውም ፖሊስ አልነበረም፤ ቴሌስኮፑ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዲቀር፣ አባቴም የምሽት የሰማይ ክበብ እንዲመራ ይገባል አይገባም ብሎ እኛው ጣሪያ ላይ አይቶ ሊወስን የሚመጣ ነው። የሆነ ሰው ደግሞ «መምህር አስናቀ ሲመሽ ይደናበራል» ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ሹክ ብሎ ነበርና፣ አባቴ በዚያች አንድ ምሽት ሙሉ ሰው መስሎ መታየት ነበረበት። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከማስተማር ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ የማውቀው ድካሙን ነው።

ሥራው የሚጀመረው በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ገና ብርሃን ሳለ ነው። ሽሻይ ሁለተኛ ፎቅ ልሥራ ብሎ ጀምሮ አቅም ስላነሰው ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነበር፤ በአራቱ ማዕዘን ፌሮ ቆሞበታል። አባዬ ሲለምነው ሽሻይ በመሮ ሦስት ጉድጓዶች ፈለፈለለት፤ ሦስቱ እግሮች በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ እንዲገቡ። ከዚያ የግንበኛ ውሃ ልክ አዋሰው። አባዬ ውሃ ልኩን መቆሚያው አናት ላይ ያጋድመዋል፣ አንዱን እግር ትንሽ ያስረዝማል፣ ያዞረዋል፣ እንደገና ያያል፣ ሌላውን እግር ያሳጥራል። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ካልተኛች አይለቅም።

«ኣይ መምህር!» ይለዋል ሽሻይ ከታች ሆኖ። «እኔ የዚህን ቤት መሠረት ስጥል እንኳ እንዲህ አልተጨነቅኩም።»

«ያስታውቃል፤ ለዚህ ነው በራችን የማይገጥመው» ይላል አባዬ።

ሲመሽ የእኔ ሥራ ይመጣል። መቆሚያው ጎን ላይ መስቀለኛ መስመር ያላት ትንሽ ቱቦ አለች፤ በእሷ አጮልቄ የሰሜን ኮከብን ፈልጌ መስቀሉ መሃል ላይ ማስቀመጥ አለብኝ። መሣሪያው በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ካልዞረ ያየነው ነገር ሁሉ ከዓይናችን ይሸሻል አለኝ አባዬ። ጀርመኖቹ አገር ኮከቡ ከፍ ብሎ ይታያል አሉ፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ እዚህ ግን ከጣሪያዎቹ እምብዛም ከፍ አይልም፣ አሥራ ሦስት ዲግሪ ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ ቱቦዋ ወደ መሬት ተጋድማለች፤ በጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ፣ አንገቴን እንደ ዶሮ አጣምሜ ነው የማየው። ግንቦት ስለነበር አቧራው ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ኮከቡ አንዴ ብልጭ ይላል፣ አንዴ ይጠፋል። አባዬ ሁለቱን ማዞሪያዎች ይዞ ይጠብቃል።

«ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?»

«ወደ ግራ። አይ፣ ጠፋ።»

«አይዞሽ፣ ይመጣል። ቀስ ብለሽ እይ።»

አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጉልበቴ ላይ የሲሚንቶ ጠጠር ታትሞ ነው የምነሳው። አንድም ቀን እሱ ራሱ ተንበርክኮ አላየም። ሰነፍ ተማሪ እንደሚፈትን አስተማሪ ከበላዬ ቆሞ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። መጀመሪያ እያስተማረኝ ነው እል ነበር፤ ኋላ ግን ስንፍና መሰለኝ። ሰርቆ ያመጣውን ዕቃ በልጅ ጉልበት ያሠራል አልኩ።

ስንወርድ ደግሞ እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል። ደረጃው ከቤቱ ውጭ በጎን በኩል የተሠራ፣ መደገፊያ የሌለው ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ያቺን እጅ ስወዳት! የክፍል ጓደኞቼ አባቶች ልጃቸውን አቅፈው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም፤ የእኔው አባት በየማታው አቅፎኝ ይወርዳል ብዬ እኮራ ነበር። ያንን ወሬ በግድግዳ ከሰማሁ በኋላ ግን እጁ ከበደኝ። እንዳላመልጥ የያዘኝ መሰለኝ።

በስምንተኛው ምሽት ይመስለኛል መላ ያገኘሁት። ኮከቡን ፍለጋ ቱቦዋን ወደ ቀኝ ስናስኬዳት አንዲት ነጭ ነጥብ መጣች፤ አትንቀጠቀጥም፣ አቧራ አይጋርዳትም። ቀና ብዬ በባዶ ዓይኔ አየሁ። ከእኛ መንደር በላይ ያለው የውሃ ታንከር ነው። ጥበቃው ጫፉ ላይ አምፖል ሰቅሎበታል። ኮከብ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ እዚህ ላይ ራሴን ልሸነግል አልፈልግም። ደክሞኛል፣ ጉልበቴ ተልጧል፣ ይህ የሌብነት ሥራ ቶሎ እንዲያልቅልኝ እፈልጋለሁ።

«አገኘሁት አባዬ። መሃል ላይ ነው።»

«እንዲህ ቶሎ?»

«አዎ።»

«ይንቀሳቀሳል?»

«ምንም አይንቀሳቀስም።»

ጣቶቹ ማዞሪያው ላይ ነበሩ፤ እንደ መቁጠሪያ ሲዳብሱት ትዝ ይለኛል። ከዚያ «ጎበዝ» አለኝ። ቀጥሎም «ጃኬቴን ረስቼ መጣሁ፤ ሮጠሽ አምጪልኝ» አለ።

ጃኬቱን ይዤ ስመለስ ቴሌስኮፑ ወደ ጁፒተር ዞሯል፤ አቅጣጫውን ቀን ሳለ በቾክ ሲሚንቶው ላይ አስምሮበት ስለነበር እኔ በመስመሩ አነጣጥሬ ጨረስኩለት። ባትሪ የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ሞተር ጥዝ ይላል። ጁፒተር ከነአራት ጨረቃዎቿ በቴሌስኮፑ ማያ መስኮት መሃል ቁጭ አለች። ግማሽ ሰዓት ቆየን፤ ንቅንቅ አላለችም። እንግዲህ ያ ሁሉ መንበርከክ፣ ያ ሁሉ ቀኝና ግራ ለምን ነበር? በአምፖልም ይሠራል ማለት ነው! አባቴ የማያውቀውን እንደሚያውቅ የሚያስመስል ሰው ነው አልኩ በልቤ። ሌባ ብቻ ሳይሆን ውሸታም።

ከዚያ በኋላ በየማታው በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። አምፖሏን መሃል አደርጋለሁ፣ «ጎበዝ» ይለኛል፣ ጃኬቱን ይረሳል፣ እሮጣለሁ። ሰው በየቀኑ ጃኬት እንዴት ይረሳል? ብዬ በመርሳቱም ናቅኩት።

የኮሚቴው ምሽት ደረሰ። እማዬ ከሥራ ቀደም ብላ መጥታ የአባዬን ሸሚዝ ተኮሰች፤ ፊቷ ገርጥቷል። እኔን ወደ ጓዳ ወስዳ «ሳሊና ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬ ከአባትሽ ጎን እንዳትለዪ። አንድ እርምጃም እንዳትርቂ» አለችኝ። ስለ ፖሊሶቹ ነው አልኩ። ከሌባ ጎን ቁሚ ማለቷ ገረመኝ። ምነው አንዴ እንኳ «ለምን?» ብዬ ጠይቄ ቢሆን! እሷም ትነግረኝ ነበር፤ ድካሟ ከፊቷ ይታይ ነበር።

እንግዶቹ ሳይመጡ አምፖሏን መሃል አደረግኩለት። «ጎበዝ» አለኝ። ያን ቀን ጃኬቱን ለብሷል፤ «በርጩማዎቹን አምጪ፣ ሰዎቹ ይቀመጡባቸዋል» ብሎ ላከኝ። ስመለስ ከታች የመኪና ድምፅ ተሰማ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረዝጊ፣ ከትምህርት ቢሮ የመጡት አቶ ዘርኡ፣ ደብተር የያዘች አንዲት ሴት ሆነው ወጡ። ፖሊስ እንዲህ ከረባት አስሮ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

አባዬ ማስረዳት ጀመረ። ስለ ምድር ዙረት፣ ስለ ሰሜን ኮከብ፣ ስለ ውሃ ልኩ። ድምፁ የሚያምር ሰው ነው፤ ሴትዮዋ መጻፏን ትታ ማዳመጥ ያዘች። አቶ ዘርኡ ግን የሚፈትን ዓይነት ሰው ነበሩ።

«መምህር፣ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን? ኮከቡን በዚያች ቱቦ ልየው እስቲ» አሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው መንበርከክ ጀመሩ።

ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ከሮማናት አደባባይ በኩል የሚታየው ብርሃን ሳይቀር፣ ድርግም አለ። የታንከሩም አምፖል ጠፋ። የእኔ ኮከብ ጠፍታለች! ሰውዬው አሁን አጮልቀው ባዶ ጨለማ ያያሉ፤ ውሸቴ ይወጣል፤ አባቴን ይዘውት ይሄዳሉ። ሌባ ይሁን እንጂ እንዲወስዱት እንደማልፈልግ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አቶ ዘርኡ ብዙ ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ።

«እንዴ!» አሉ በመጨረሻ። «ጽቡቕ! ልክ መስቀሉ መሃል ላይ ናት። ገብረዝጊ፣ ና እይ።»

ሁሉም በየተራ አዩ። እኔም ቀስ ብዬ ተንበርክኬ አየሁ። እውነተኛዋ የሰሜን ኮከብ፣ ትንሽ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ መሃል ላይ ነበረች። ተአምር ነው አልኩ። እግዜር ለሌባም ይደርሳል ማለት ነው ብዬ ፈራሁም፣ ቅርም አለኝ።

ጁፒተርን አዩ፤ ሴትዮዋ እንደ ሕፃን ሳቀች። አቶ ገብረዝጊ የአባዬን እጅ ጨብጠው «ኮርተንብሃል» አሉት። ከዚያ እንግዶቹ በእጅ ባትሪ መንገዳቸውን እያበሩ ቀድመው ወረዱ። አልቋል። አልፏል። አባዬ በረጅሙ ተነፈሰና እንደ ወትሮው እጁን ዘረጋ፤ ትከሻዬ ላይ አሳረፈው።

እኔም ትከሻዬን ነጠቅኩት።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ተናድጄ ነበር። ሰዎቹ አመስግነውት ሲሄዱ፣ አስመስሎ አመለጠ፣ እኔ ግን ለሁለት ሳምንት ፈርቼ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ተናድጄ ነበር። ከእጁ ሥር ሹልክ ብዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። «ሳሊ! ሳሊ፣ ቆይ!» ሲለኝ ሰምቻለሁ። አልቆምኩም።

ደረጃው መጨረሻ ላይ እንግዶቹ ከእማዬ ጋር ቆመው ነበር። የሰማነው መጀመሪያ የጫማ መንሸራተት ነው፣ ከዚያ ከባድ ነገር ሲወድቅ። አቶ ዘርኡ ባትሪውን ሲያበሩ አባዬ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ፣ እጁን ወደፊት ዘርግቶ መሬቱን ይዳብሳል። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ነው፤ እሱ ግን ወደ ሌላ ዞሮ «ኣምለሰት? የት ነሽ?» ይላል። ሽሻይ ሮጦ መጥቶ አቀፈው። እማዬ ጮኸች፤ በትግርኛ ነበር። ከእኔ በቀር ማንም ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

የቀኝ ጭኑ ተሰብሮ ሦስት ወር ተኛ። ሲድን ከክፍል አውጥተው መዝገብ ቤት አስቀመጡት፤ አቶ ገብረዝጊ ባይከራከሩለት እሱንም አያገኝም ነበር። ቴሌስኮፑን መጥተው ወሰዱት። ይህም ለእኔ የገጠመ ነገር ነበር፤ ሌባው ተያዘ፣ ዕቃው ለባለቤቱ ተመለሰ። ስለ ዓይኑ እማዬ የነገረችኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እየነገረችኝ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ የማውቀው መስሏት እንደ ዋዛ ነው ያለችው። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ትከሻ ይዣት እኖራለሁ።

እኔ ዛሬ ቀያሽ ነኝ። ከመቀሌ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ላይ በየቀኑ ሦስት እግር እተክላለሁ፣ አረፋ መሃል አስተኛለሁ፣ በዚያው ጉልበቴ እንበረከካለሁ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሥራ ሲጀመር ብዙ ሰው የለም፤ ያለነውም ግማሽ ሰው ነን። ባለፈው ጥር ዓወት የሚባል አዲስ ባልደረባዬ መነሻውን ከተሳሳተ ምልክት ላይ ወስዶ ሙሉ ቀን የለካነው ሁሉ ጠማማ ሆነብን። «አራት ዲግሪ ብቻ እኮ ናት» አለኝ። «አራት ዲግሪ?» ብዬ ጮህኩበት። «አራት ዲግሪ ከሰሜን ከሳትክ የትም አትደርስም!»

የተናገርኩት ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በታንከሩና በኮከቡ መካከል አራት ዲግሪ ይሆናል፣ ከዚያ አያንስም። መሣሪያው በአምፖሏ ተስተካክሎ ቢሆን ጁፒተር በሩብ ሰዓት ውስጥ ከመስኮቷ ወጥታ ትሄድ ነበር። እኛ ግን በየማታው ግማሽ ሰዓት አይተናታል። በዚያችም ምሽት ኮከቡ መሃል ላይ ነበር። ሃያ ዓመት ተአምር ያልኩት ነገር በሙያዬ ሲታይ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ከእኔ በኋላ ያንን ማዞሪያ የነካ ሰው ነበር።

በዚያው ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ እነሱ ቤት ሄድኩ። አባዬ አሁን ቀንም አያይም። በረንዳ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ተቀምጧል።

«ከመይ ውዒልኪ ሳሊ፤ ጫማሽ አቧራ ጠግቧል፣ አረማመድሽ ከብዷል» አለኝ።

በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ የታንከሩን አምፖል ታውቅ ነበር?»

ሬዲዮውን ዘጋ። ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣ፤ የደከመ ፈገግታ ነው፣ ግን ፈገግታ ነው።

«በመጀመሪያው ሳምንት አንቺ በትክክል ስትሠሪ ማዞሪያው ሁልጊዜ ከጫፉ ስድስት ዙር ተኩል ላይ ነበር የሚቆመው። ቆጥሬዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ወደ አሥር ወሰድሽው። ኮከብ ቦታ አይቀይርም።»

«ስለዚህ ጃኬቱ...»

«አንቺ እስክትመለሺ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

«ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ብቆጣሽ "አንተው እየው" ትይኛለሽ። እሱን ነበር የምፈራው። ደግሞስ ደክሞሽ ነበር። ስትዋሺ ድምፅሽ ያስታውቃል። እምቢ ብለሽ አልወጣም እንዳትይኝ እንጂ ውሸትሽስ ለእኔ ቀላል ነበር፤ ሦስት ዙር ተኩል ብቻ ነው።»

የትከሻዬን ነገር አነሳሁበት፤ ስለዚያች ምሽት አንስተን የማናውቀውን፣ እኔና እሱ ብቻ የምናውቀውን።

«ተናድጄ ነበር አባዬ። ሌባ መስለኸኝ...»

«ምን?» አለና ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ፤ እማዬ ከውስጥ «ምንድን ነው?» እስክትል ድረስ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን ፈለገና አገኘው።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ። «ያኔ የማልቆጥረው ነገር አልነበረም። ከአልጋ እስከ በር እቆጥራለሁ። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሌ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት እርምጃ ነው፤ ዛሬም አልረሳሁትም። ያንን ደረጃ ግን አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም።»

«ለምን?»

«አንቺ እያለሽልኝ ምን ብዬ እቆጥራለሁ?»